ከማዶ የተጠራ ስም

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ የሚቆለቁለው መንገድ ደጋውን ጨርሶ፣ ወይና ደጋውን ጨርሶ፣ ሙቀቱ ፊት መጥበስ ሲጀምር አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ያልቃል። ከሾላው ወዲያ ውኃ ነው፤ ከውኃው ወዲያ ጎጃም። ቦታውን ሾላ መልካ ይሉታል። በበጋ ሰው እስከ ወገቡ እየራሰ በእግሩ ይሻገረዋል፤ ከሰኔ እስከ ጥር ግን ያለ ዋናተኛ የሚደፍረው አልነበረም።

ዋናተኛው አራጌ ነበር። ከሱ በፊት አባቱ ነበሩ። የፍየል ስልቻ በትንፋሹ ይነፋል፣ አፉን በጠፍር ያስራል፣ መንገደኛውን ስልቻው ላይ በደረቱ ያስተኛና ራሱ ከኋላ እየዋኘ ይገፋዋል። ከመግባቱ በፊት ሦስት ድንጋይ ይወረውራል፤ ድንገት የቀረበ አዞ ካለ ደንግጦ እንዲርቅ።

መልካው ሕግ ነበረው። መንገደኛው ከማዶ ሆኖ፣ እጆቹን አፉ ላይ ገጥሞ፣ የሚያሻግረውን ሰው በስሙ ይጠራል። ስሙ የተጠራው ይሄዳል፤ ሌላው ንቅንቅ አይልም። "ሰው ነፍሱን ለማን አደራ እንደሚሰጥ ራሱ ይምረጥ" ይሉ ነበር የአራጌ አባት። አራጌ ብቻውን በነበረበት ዘመን ሕጉ አልከበደውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከማዶ የሚመጣው ድምፅ አንድ ነው፤ "አራጌ ሆይ! አራጌ!" ገደሉ ይቀበልና ደግሞ ይጠራዋል። ሚስቱ ሐረግ፣ "ዓባይም ስምህን ለምዶታል" እያለች ትቀልድበት ነበር። ቀልድ ቢሆንም ደስ ይለዋል።

ጀብሪል የመጣው በስድሳ አራት ዓ.ም. ነው። ከጣና ዳር፣ ታንኳ ሲሠሩ ካደጉ ሰዎች ወገን። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት፣ የባሕሩን መልክ ማየት አስጠልቶት፣ ውኃውን ተከትሎ የወረደ ሠላሳ ያልሞላው ረጅም ሰው። ሾላው ሥር ሦስት ቀን ተቀምጦ አራጌን ሲያሻግር ተመለከተውና በአራተኛው ቀን እንዲህ አለው።

"አያ አራጌ፣ ብትፈቅድልኝ አብሬህ ልሥራ።"

"መዋኘት ትችላለህ?"

"ወላሂ፣ ከመሄድ በፊት ነው የዋኘሁት።"

አራጌ ፈቀደለት። በኋላ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ራሱን እንደረገመ!

ጀብሪል የወንዙን ዳር ሸምበቆ እያጨደ አደረቀ፤ እንደ ክንድ ወፍራም ወፍራም አድርጎ ጠቀለለ፤ በቃጫ ገመድ ጠፍሮ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀልብሶ፣ ታንኳ ሠራ። የቀርከሃ መቅዘፊያ አበጀለት። ሦስት ሰው ተቀምጦ ይሻገራል። የሚረጥበው የመቀመጫ ጨርቅ ብቻ ነው፤ እህልና ጨው ንክች አይሉም። የመጀመሪያው ቀን ታንኳው ሲሄድ ያየ ፈንታው የሚባል ጭነት ነጂ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"በል እንግዲህ አራጌ! ያንተ ፍየል ደግሞ ከሞተች በኋላ ነው ዋና የተማረችው። ቅበራት አሁን!"

ሾላው ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ። አራጌም ሳቀ። ስልቻውን ግን በእግሩ ወደ ኋላው ገፋው።

ከዚያ ወዲያ ከማዶ ሁለት ስም ይጠራ ጀመር። መጀመሪያ ግማሽ በግማሽ ነበር። አራጌ ሳያስበው ይቆጥረው ጀመር፤ ማታ ሲተኛ ቀኑን ሙሉ የሰማቸውን ጥሪዎች ያስታውሳል። ዛሬ አራት ጊዜ ጀብሪል፣ ሦስት ጊዜ እኔ። ዛሬ ስድስት ጊዜ ጀብሪል፣ እኔ አንድ ጊዜ፤ እሷንም የጠሩት እማማ ወለተ ማርያም ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ታንኳውን ስላላዩት ነው። ጀብሪል በምንም አላስቀየመውም። ይሄ ነው የባሰ ያቃጠለው። "አያ አራጌ ቅድም ይብላ"፣ "አያ አራጌ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት" ይላል። ቢሰድበው ይቀለው ነበር። የተሰደበ ሰው መልስ አለው።

በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀረ። በስድሳ ስድስት መስከረምና ጥቅምት መንገዱ በሰው ተሞላ። ከኩታበር፣ ከመቅደላ ሥር፣ ስሙን እንኳ ከማያውቁት አገር የመጣ ሰው ወደ ጎጃም አጨዳ ይሻገራል። ልጅ ያዘለ፣ ሽማግሌ የተሸከመ፣ ምንም ያልያዘ። ሁለቱ ዋናተኞች ከማንም ምንም አይቀበሉም ነበር። የደከመ ሰው ስልቻ ላይ ራሱን መያዝ አይችልም፤ እጁ ይለቃል። ታንኳ ላይ ግን ተኝቶ ይሻገራል። ስለዚህ ከወዲህም ከወዲያም አንድ ስም ብቻ ቀረ። አራጌ በሞት ጥላ መካከል ቁጭ ብሎ፣ ሰው ዓይኑ እያየ ከመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ እሱ የሚሰማው ያ ስም ነበር። በዚህም ራሱን ይጸየፋል። ይጸየፋል እንጂ መስማቱን አይተውም።

በጥቅምት መጨረሻ አቶ አካሉ የሚባሉ የመካነ ሰላም ነጋዴ በሁለት አህያ ብርብራ ጭነው ወረዱ። ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ትንሽ ትልቁ ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል። የኅዳር ጾም ሊገባ ነው፤ አቶ አካሉ ዓሣ አድርቀው ከተማ ሊሸጡ አስበዋል። የሚፈልጉት ጥቁሩን ባሕር ነው፤ ከመልካው በላይ የግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ወንዙ ገደል ሥር ሰፍቶ የሚተኛበትን ጥልቅ ቦታ።

አዞዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። የአራጌ አባት ጥቁሩን ባሕር ማንም በመርዝ እንዳይነካው ከልክለው ኖረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እዚያ ዓሣ እስካለ አዞው እዚያው ይጠግባል። ዓሣው ካለቀ አዞው ይራባል፤ የተራበ አዞ ደግሞ በድንጋይ አይሸሽም፤ ሰው ወደሚሻገርበት ይወርዳል። የራበው ሰው መልካው ዳር በመንጠቆ ቢያጠምድ የሚከለክለው የለም። ብርብራ ግን እርም ነው። ይህን አራጌ ለጀብሪል ያስተማረው በመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

የዚያን ዕለት አራጌ ከማዶ ነበር። ሲመለስ ጀብሪል ወደ ጥቁሩ ባሕር በሚወስደው መንገድ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። አህዮቹ ፊቱ ቆመዋል። ሰው ከቧል።

"ተነሥ አንተ" ይላሉ አቶ አካሉ። "ወንዙን እግዜር ነው የፈጠረው።"

"አብሽር አቶ አካሉ። የፈጠረውስ እሱ ነው፤ የምንዋኝበት ግን እኛ ነን። ይመለሱ።"

"ሕዝብ በራብ እያለቀ ዓሣ ትከለክላለህ?"

"ለራበው ከሆነ መንጠቆ አለኝ፤ አብረን እናጥምድና ለዚህ ሁሉ ሰው እናብላ። ብርብራው ግን በላዬ ላይ ነው የሚያልፈው። የዚህ መልካ ሕግ ነው፤ የአያ አራጌ አባት ያቆሙት።"

አቶ አካሉ ተሳድበው አህዮቻቸውን መለሱ። የተሰበሰበው ሰው ጀብሪልን መረቀው። አንዲት ሽማግሌ እጁን ሳሙት። በሳምንቱ ወሬው ደጋ ወጣ፣ ጎጃም ተሻገረ፤ ሲመለስ ግን ተለውጦ ነበር። "የጀብሪል ሕግ" ሆኖ መጣ። አራጌ ስልቻውን እያለፋ ሁለት መንገደኞች ሲጫወቱ ሰማ፤ "ያ ከጣና የመጣው ባይኖር ኖሮ ይሄን ጊዜ አዞ ጨርሶን ነበር" ይላሉ። አባቱ ተረሱ። ጀብሪል የአባቱን ስም መጥራቱ እውነት ነው፤ አራጌ በጆሮው ሰምቷል። ግን ያም ቢሆን ምጽዋት መሰለው። የገዛ ርስቱን ሌላ ሰው ቆርሶ ሲሰጠው።

ሐረግ ከሴቶች ጋር ለአጨዳ ጎጃም ተሻግራ ነበር። ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ አራጌ ማዶ ቆማ አያት። በአረማመዷ ነው የለያት። በራሷ ላይ አቁማዳ ተሸክማለች። ስልቻውን አነሣ። ሦስቱን ድንጋይ ያዘ። እሷም እጇን አፏ ላይ ገጠመች።

"ጀብሪል ሆይ! ጀብሪል!"

ገደሉ ደገመው።

ጀብሪል ወደ አራጌ ዞረ። ፊቱ ተጨነቀ። "አያ አራጌ፣ ሂድ አምጣት እንጂ። ምን ሕግ አለው በባልና ሚስት?"

"ስሙ የተጠራው ነው የሚሄደው" አለ አራጌ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እግሩ ሥር ጣላቸው።

ሐረግ ተሻግራ እንደወረደች አቁማዳውን ከፍታ አሳየችው፤ ጤፍ ነው። "የአሥር ቀን አጨዳዬ ነው" አለችው። "እንዳይረጥብብኝ ብዬ ነው እሱን የጠራሁት። አየህ፣ ጠብታ አልነካውም።"

"አየሁ።"

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ምን እሆናለሁ?"

ምክንያቷ እውነት መሆኑን አራጌ ያውቃል። ስልቻ ጤፍ አያሻግርም። ግን ወደ ልቡ አልገባም። ሃያ ዓመት ሌላው ሁሉ ቢተወኝ ይች አትተወኝም ያለው አንድ ድምፅ ነበር፤ እሱም በአገር ፊት፣ በገደል ምስክርነት ሌላ ሰው ጠራ። ሐረግ እህሉን ለእናቷ አድርሳ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ወደ ጎጃም ስትሻገር አላነጋገራትም።

ቅዳሜ ገበያ ወጣ። አቶ አካሉ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው ጠሩት።

"ና እስቲ አራጌ፣ አረፍ በል። ለመሆኑ ያ መልካ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"እኔማ የጀብሪል ነው ሲሉ ነው የምሰማው። ከዚህ እስከ ደጎሎ ስትሄድ ስሙ ነው የሚነሣ። ያንተን የሚያነሣ አላየሁም፤ አትቀየመኝ።"

አራጌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተናገረ።

"በዋናው መንገድ አይምጡ። ከሾላው በላይ ባለው ሸንተረር የፍየል መንገድ አለ። አባቴ የሚሄዱበት ነው። ከታች አይታይም።"

ይህን ብሎ ተነሣ። ያሰበው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ የጀብሪል ሕግ ይጣስ፤ ሰው ሁሉ፣ "አልቻለም፣ አልጠበቀም" ይበል። ሕጉ የአባቱ መሆኑን በዚያች ሰዓት እሱ ራሱ ረስቶት ነበር።

በስድስተኛው ቀን የሰከሩ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸው ነጥቶ በመልካው በኩል ተንሳፍፈው አለፉ። ጀብሪል ሮጦ ወደ ጥቁሩ ባሕር ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "በየት በኩል ገቡ? እኔ እኮ ከመንገዱ አልተነሣሁም! አያ አራጌ፣ በየት በኩል?"

"ምን አውቄ።"

"ሳይጨርሱት አልቀሩም። እንግዲህ ወንዙን ማየት ነው። አሸዋው ላይ የአዞ ዱካ ካየን መልካውን ዘግተን ሰውን በላይኛው በኩል እናዞራለን፤ ምን ይደረግ።"

አቶ አካሉ በሰው እጅ አንድ ዘንግ የደረቀ ዓሣ ለአራጌ ላኩለት። ወስዶ ውኃ ውስጥ ጣለው።

ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ገና በጠዋቱ፣ አራጌ ፊቱን ሊታጠብ ወረደና አየው። አሸዋው ላይ የሆድ መጎተቻ፣ በግራና በቀኝ የጥፍር ምልክት፣ ከውኃው ወጥቶ ወደ ውኃው የተመለሰ። ጀብሪልን ልጥራው አለ። ቢጠራው ግን ጀብሪል ዱካውን ይከተላል፤ ወደ ጥቁሩ ባሕር ይወጣል፤ ገደሉን ይፈትሻል፤ የፍየሉን መንገድ ያገኘዋል። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። "እስከ ነገ ይቆይ" አለ በልቡ። "እኔው ነገ ያየሁ መስዬ እነግረዋለሁ።" በእግሩ አሸዋውን አስተካከለው። ጥሩ አድርጎ አስተካከለው።

ፀሐይ ገደሉን ስታልፍ ከማዶ ድምፅ መጣ።

"አራጌ ሆይ! አራጌ!"

ሰው በስሙ ከጠራው ወር ከምናምን ሆኖታል። ሐረግ ነበረች።

ጀብሪል የታንኳውን ገመድ እያጠበቀ ነበር፤ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። "አያ አራጌ፣ አንተን ነው! ሰማህ?"

አራጌ ሰምቷል። ስልቻው አጠገቡ ነው። አላነሣውም። ስልቻ ለነፋ ሰው፣ ከወገቡ በታች ውኃ ውስጥ ለሚዋኝ ሰው፣ ያ አሸዋ ላይ ያየው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

"አራጌ!" አለች ሐረግ ደግማ።

"አሞኛል" አለ አራጌ።

ጀብሪል መጥቶ ግንባሩን በእጁ ዳሰሰው። "ወባ ይሆናል። ያልበሃል እኮ፣ ያ አላህ! ተኛ። እኔ አመጣልሃለሁ።"

"ሕጉስ?"

"የታመመ ሰው ምን ሕግ አለበት? እህቴ አይደለችም እንዴ?"

ሦስት ድንጋይ ወረወረ። ታንኳውን ገፋ። አራጌ አፉ ውስጥ አንዲት ቃል ነበረችው። አዞ። ከእሷ በኋላ የምትመጣዋን ጥያቄ ፈራ፤ ከየት አወቅህ የምትለዋን። መቅዘፊያው አንድ ጊዜ ወረደ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ታንኳው መሃል ሲደርስ ቃሏ ራሷ ወጣች።

"አዞ! ጀብሪል፣ ተመለስ! አዞ!"

ጀብሪል ድምፁን ሰምቶ ዞረ። ታንኳው በጭራው በኩል ተነሣ፣ ሸምበቆው ተበጠሰ። ረጅሙ ሰውዬ በጎኑ ወደቀ። አንድ ጊዜ ብቅ አለ። ከዚያ አላለም።

አራጌ ያለ ስልቻ፣ ያለ ድንጋይ ገባ። ጠለቀ፣ ዳሰሰ፣ ወጣ፣ ጠለቀ። እጁ የያዘው መቅዘፊያውን ብቻ ነው። ውኃው አራጌን ወስዶ ማዶ ሐረግ እግር ሥር ጣለው። እንዴት እንደ ተረፈ እሱም አያውቅም። ሐረግ አልጮኸችም። በእጇ ባዶ አቁማዳ ይዛ ቆማ ነበር።

"እኔ የጠራሁት አንተን ነበር" አለችው።

መቅዘፊያውን አሸዋው ላይ አስቀመጠው።

"አጨዳው አለቀ። ምንም አላገኘሁም። የሚረጥብ እህል የለኝም፤ ለዚህ ነው አንተን የጠራሁት።"

ሬሳው አልተገኘም። አንድ ሼኽ ከደጋ ወርደው ውኃው ዳር ሰገዱለት። ክርስቲያኑም እስላሙም ሾላው ሥር ሦስት ቀን ተቀመጠ። ለቅሶ ላይ የተነሣው ስም ደግሞ የጀብሪል ብቻ አልነበረም። "አራጌን እዩት፣ ለወንድሙ ብሎ አዞ መካከል ገባ" ይሉ ነበር። ፈንታው አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ሃያ ዓመት ያላገኘውን ስም አራጌ በሦስት ቀን አገኘ። እያንዳንዷ ምስጋና የገባችበትን ቦታ እሱ ያውቃል። ሐረግ ከሴቶቹ መካከል ሆና ትመለከተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ አልጠራችውም። ስትፈልገው "አንተ" ትለዋለች፤ ወይም ድስቱን በማንኪያ መታ ታደርጋለች።

አራጌ የፍየሉን መንገድ በእሾህና በቋጥኝ ዘጋው። ያን በጋ፣ የሚቀጥለውንም ክረምት ገደሉ አናት ላይ ኖረ። ብርብራ ይዞ የመጣ ሁሉ ተመለሰ። ጎርፉ ዓሣ አመጣ፤ አዞውም ወደ ቦታው ሄደ። በላይ፣ በደጋው፣ ንጉሡ ወረዱ ተባለ። ቀጥሎ መሬት ላራሹ ተባለ። በስድሳ ሰባት ሰኔ መጨረሻ፣ አድማሴ የሚባል ዘማች ተማሪ ደብተር ይዞ ወረደና ሾላው ሥር የገበሬ ማኅበር ሰበሰበ።

ፈንታው ተነሣ። "ጥቁሩ ባሕር ይከፈት። ዓሣው የሰፊው ሕዝብ ነው፤ አዞ ብቻውን የሚበላበት ምክንያት የለም!" ጥቂት ሰው አጨበጨበ፣ ጥቂት ሰው ሳቀ።

አራጌ ከኋላ ተናገረ። የአባቱን ቃል ተናገረ፤ ዓሣው፣ አዞው፣ መልካው። ያን ታኅሣሥ የረሳ የለም። ፈንታውም ቁጭ አለ።

"ጥሩ" አለ አድማሴ፣ ብዕሩን አንሥቶ። "ሕግ ሆኖ ይጻፍ። ማን ያወጣው ሕግ ነው? የርስዎ አባት ናቸው አሉኝ።"

"የጀብሪል ሕግ ብለህ ጻፍ" አለ አራጌ።

"ጀብሪል። እሺ። ሕጉን የጣሰ ሰው አለ ከዚህ በፊት? ቅጣት ለመወሰን ነው።"

"አለ። ሁለት ናቸው። አንዱ ብርብራውን የበተነ ነው፣ ሌላው መንገዱን ያሳየ።"

"የበተነውን እናውቃለን" አለ አንድ ሰው። "ያሳየውን ግን ማን ያውቃል?"

"አራጌ ነው" አለ አራጌ። "ጻፍ። መንገዱን ያሳየው አራጌ ነው። ጠዋት የአዞውን ዱካ አይቶ በእግሩ ያጠፋው አራጌ ነው። ሚስቱ ስሙን ስትጠራው ታመምኩ ያለው አራጌ ነው።"

የአድማሴ ብዕር ቆመ። ፈንታው ቀስ ብሎ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለ፤ ሌሎችም። አራጌ የቆመበት ዙሪያ ባዶ ሆነ።

በዚያ ዝምታ ላይ ከማዶ ድምፅ ገባ። ሁለት ዓመት ጎጃም የከረመ፣ ምንም ያልሰማ አንድ መንገደኛ፣ በሙሉ ጉሮሮው።

"ጀብሪል ሆይ! ጀብሪል!"

ገደሉ ደገመው። ሰው ሁሉ ውኃውን አየ፤ ቀጥሎ አራጌን አየ። አራጌ አልተነቃነቀም። የተጠራው ስም የሱ አይደለም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ደግሞም በዚያች ሰዓት ማን ነፍሱን ለሱ አደራ ይሰጣል?

ሐረግ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ወደ ሾላው ግንድ ሄደች። ስልቻውን አወረደች፤ የሸምበቆው ታንኳ እንደገና አልተሠራም ነበር። አምጥታ እግሩ ሥር ጣለችው። ዓይኗ አላዘነለትም።

"አራጌ" አለችው። "ሰው ቆሟል። ሂድ።"

አጎነበሰ። ስልቻውን ነፋ፣ አፉን አሰረ። ከውኃው ዳር ሦስት ድንጋይ ለቀመ፤ አንድ በአንድ ወረወራቸው፤ የሦስተኛው ክብ ውኃው ላይ ተዘርግቶ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ ገጥሞ ወደ ማዶ መለሰ።

"አቤት!"